መዝገብ ቤት ያስቀመጡሽ እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የሳቅኩት ግን በራሴ ነው። የአምስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነሽ፤ ለተግባር ልምምድ ወረዳ ፍርድ ቤት ተመድበሻል፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ግን ከመዝገብ ቤት ሳትወጪ ፋይል በቁጥር ስትደረድሪ ሰነበትሽ። «ጊዜዬን እያባከንኩ ነው ወይ? ከዳኝነት፣ ከዐቃቤ ሕግነትና ከጥብቅናስ የትኛውን ልምረጥ?» ብለሻል። እኔም ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ አቧራ ስቅም ነበር። ዛሬ ጠበቃ ነኝ፤ ጥብቅናን የመረጥኩት ግን ችሎት ውስጥ ተቀምጬ አይደለም።

ጠበቃ ሲያፋጥጥ፣ ምስክር ሲንተባተብ አያለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። የፍትሐ ብሔር ክርክራችን ግን አብዛኛው በጽሑፍ ነው። ክስ፣ መልስ፣ የማስረጃ ዝርዝር። ዳኛዋ መዝገብ ይጠራሉ፤ ተከራካሪዎች መቅረባቸውን ያረጋግጣሉ፤ መልስ ይቀበላሉ፤ ቀጠሮ ሰጥተው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ጠዋቱን ሙሉ መዝገብ ሲጠራ ሰምቼ አንዱም ሳይገባኝ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ነገሩ መፈታት የጀመረው ጠዋት የተጠሩትን መዝገቦች ቁጥር በደብተሬ ጽፌ፣ ከሰዓት በኋላ መዝገብ ቤት ገብቼ ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ስጀምር ነው። አንቺ ቁልፉ ላይ ተቀምጠሽ ነው በሩ ተዘጋብኝ የምትይው።

አንዱን መዝገብ ልንገርሽ። የከተማው ነዋሪ የሆኑ አንዲት እናት ጎረቤታቸው በቆርቆሮ አጥር መውጫቸውን ስለዘጋባቸው «ሁከት ይወገድልኝ» ብለው ከሰዋል። ክሱን የጻፈላቸው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚሠራ ራፖር ጸሐፊ ነው። ብዕረኛ ሰው ነው፤ በደሉ እንዲከብድለት ብሎ «ላለፉት ሦስት ዓመታት ያለ ዕረፍት ሁከት ሲፈጥርብኝ ኖሯል» ብሎ አሳመረው። ተከሳሹ ጠበቃ ይዞ ቀረበ። መልሱ አንድ ገጽ አይሞላም፦ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 ሁከት ይወገድልኝ የሚል ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲከስ ያዛል፤ ከሳሽ ራሳቸው ሦስት ዓመት ብለዋል፤ ስለዚህ ክሱ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገድ። ይርጋን ዳኛ በራሱ ተነሳስቶ አያነሳም፤ ተከራካሪው በመቃወሚያ ካነሳው ግን ብይን ሊሰጥበት ግድ ነው። መዝገቡ ተዘጋ። ስለ አጥሩ አንድም ምስክር አልተሰማም።

ኮሪደር ላይ አገኘኋቸውና «እናቴ፣ አጥሩ መቼ ነው የታጠረው?» አልኳቸው። «አምና ለፋሲካ ነው እንጂ ልጄ። ሦስት ዓመቱማ የጠባችን ነው» አሉኝ።

እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ዳኛዋ የቀረበላቸውን ጽሑፍ ተመልክተው ሕጉ የሚለውን ሠሩ፤ ጠበቃውም ሥራውን ሠራ። ጉዳዩ የተበላሸው ገና ክሱ ሲጻፍ፣ «መቼ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በመጥፋቱ ነው። እኔ መቆም የምፈልገው እዚያ ጠረጴዛ አጠገብ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ከተመረቅኩ በኋላ የሁለት ዓመት ሥራዬ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ውስጥ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የምጠይቀውም ይህንኑ «መቼ?» ነበር።

አንድ ስህተቴንም ልናገር፣ እንዳትደግሚው። በስሜት ተነስቼ ለእኚያ እናት «ይግባኝ ይበሉ፣ ያሸንፋሉ» አልኳቸው። ዳኛዋ ሰምተው ቢሮ አስጠሩኝ። ፍርድ ቤት ውስጥ ተመድቤ ለአንዱ ወገን ምክር መስጠቴ ችሎቱን ምን እንደሚያስመስለው በጸጥታ አስረዱኝ፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሰው ምክር ሲጠይቅሽ ወደ ሕግ ድጋፍ ማዕከል ምሪው፤ አንቺ አትምከሪ። የባለጉዳይ ስምም በማስታወሻሽ አይግባ፤ ለመምህርሽ የምትጽፊው ሪፖርት ያለ ስም ይሙላ።

ወደ ምርጫሽ ስመጣ፣ ይህን አድርጊ፦ ውሳኔ ያገኘ መዝገብ አውጪና ፍርዱን ሳታዪ ክሱንና መልሱን ብቻ አንብቢ። ሕጉን ከፍተሽ ግማሽ ገጽ ፍርድ ራስሽ ጻፊ። ከዚያ ከዳኛው ፍርድ ጋር አስተያዪው። ለመውጫ ፈተናም ከዚህ የተሻለ ጥናት አላውቅም። ሃያ መዝገብ ያህል ስትሠሪ ልብሽ የትኛው ገጽ ላይ እንደሚቆም ታውቂዋለሽ።

ፍርዱን መጻፍ ደስ ካለሽ ዳኝነትን አስቢ። ግን ብቸኝነቱንም እወቂ። በትንሽ ከተማ ዛሬ ቡና የጋበዘሽ ሰው ነገ ተከራካሪ ሆኖ ፊትሽ ይቆማል፤ የእኛ ዳኛ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲደርሱ ጥግ ይዘው ይቀመጡ ነበር።

ዐቃቤ ሕግነትን ከችሎት ብቻ ተነስተሽ አትመዝኚው። ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ተጠርጣሪው በእስር እንዲቆይ፣ ሲጠየቅ ተከታተዪ፤ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ፖሊስ በዚያ ጊዜ ምን ሠርቶ እንደመጣ ዳኛው ሲጠይቁ ስሚ። ከቻልሽ ዐቃቤ ሕጉን «ክስ አልመሠርትም ብለው የዘጉት መዝገብ የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የሥራው ክብደት ያለው እዚያ ነው።

ጥብቅናን ከመረጥሽ በተመረቅሽ ማግስት ፈቃድ አይሰጥሽም፤ የሥራ ልምድና ፈተና ይጠበቅብሻል። ብዙዎቻችን የጀመርነው በረዳት ዳኝነት፣ በዐቃቤ ሕግነት ወይም በነገረ ፈጅነት፣ ማለትም ተቀጥሮ የመሥሪያ ቤትን የሕግ ጉዳይ በመያዝ፣ ነው። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን ስለፈቀደ፣ ተቀጥሮ የመማር ዕድሉ ከእኛ ጊዜ ይሻላል። የባንክ ነገረ ፈጅነት ደግሞ ደመወዙ የተረጋጋ ነው፤ ውል ማንበብ የማይሰለችሽ ከሆነ አትናቂው።

ነገ ጠዋት የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ፣ ሬጅስትራሩን፣ «የምደረድረውን መዝገብ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ተቀምጬ ላንብብ?» ብለሽ አስፈቅጂ። እኔ እንዲህ ስል እምቢ አልተባልኩም። የገበያ ቀን ደግሞ በሩ ላይ ከራፖር ጸሐፊዎቹ አጠገብ አንድ ሰዓት ቁሚ፤ ባለጉዳዩ የሚናገረውንና ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረውን አነጻጽሪ። ይህን ሁሉ ግን ከሐምሌ በፊት አድርጊው፤ ነሐሴ ሲገባ ፍርድ ቤቶች በከፊል ዝግ ይሆናሉ፤ ከተረኛ ችሎት በስተቀር የምታዪው አይኖርም።