ስልኩን ተወው አልኩት፤ ትቶ ከውሾቹ ጋር ሄደ

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከባለቤቴና ከ6 ዓመት ልጃችን ጋር ሽሮ ሜዳ አካባቢ እንኖራለን። ባለቤቴ ቲክቶክ ላይ ተጥዶ እኩለ ሌሊት የሚያልፍበት ሰው ነበር። ተወው ብዬ ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ ቲክቶኩንም፣ ፌስቡኩንም፣ ቴሌግራሙንም አጠፋ። ደስ አለኝ። አሁን ደግሞ በየማለዳው 11 ሰዓት ላይ የግቢያችንን ውሻ ቦቢንና ከመንገድ ያነሳውን ቡችላ ይዞ እንጦጦ ጫካ ይወጣል። ቅዳሜማ እስከ ምሳ አይመለስም። ዘመዶቹ «ምን ነካው? እንደ ፈረንጅ ውሻ ይዞ ይዞራል» ይሉኛል። የአክስቱ ተዝካር በቤተሰብ ግሩፕ ተነግሮ እሱ ሳይሰማ ቀረ። እኔም ደውለው ነግረውታል ብዬ ዝም አልኩ። ወቀሳው ግን የወረደው እኔ ላይ ነው። እስኪመጣ ስልኬን ስነካካ እጠብቀዋለሁ። በውሻ መቅናት ያሳፍራል፤ እኔ ግን ቀንቻለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አያሳፍርም። ስልኩን ሲተው ያ ሁሉ ሰዓት ወደ አንቺ ይመጣል ብለሽ ጠብቀሽ ነበር። ሰዓቱ ወደ ጫካ ሄደ። ማንም ቢሆን ቅር ይለዋል።

በመጀመሪያ ግን ለእሱ ልሟገት። ቲክቶክ ላይ የሚቀጥለው ቪዲዮ ያስቅ አያስቅ አይታወቅም። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ባለፈው ክፍለ ዘመን በርግብና በአይጥ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ ያላወቀ እንስሳ መሞከሩን በቀላሉ አይተውም። ባለቤትሽ ከዚህ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰው ዛሬ አጥፍቶ በሳምንቱ መልሶ ያወርደዋል። እሱ የቆየው በባዶ ቦታ ስላልተወው ነው። ጠዋት የሚቀሰቅሰው፣ በር ላይ ጭራውን እየቆላ የሚጠብቀው አለ።

ደስታውም የምር ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ውሻና ባለቤቱ ረዘም አድርገው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ኦክሲቶሲን የሚባለው ሆርሞን በሁለቱም ላይ ይጨምራል። እናትንና ጨቅላዋን የሚያስተሳስረው ያው ሆርሞን ነው። ደግሞም ቦቢ የቤት ኪራይ አያነሳም፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰ አይልም። አንቺ ከቦቢ ጋር የምትወዳደሪው በዚህ በኩል ከሆነ መቼም አታሸንፊውም፤ ስለዚህ «ወይ እኔ ወይ ውሻው» የሚለውን ነገር እንዳትሞክሪው።

አሁን ወደ ጥፋቱ። እሱ ቴሌግራም ሲያጠፋ የዘመድ ወሬ አልጠፋም። መርዶውም፣ ተዝካሩም፣ የእድሩም መልእክት ዛሬ በስልክ ነው የሚመጣው። የእሱን ወገን ጉዳይ ማንበብና ማስታወስ ሳይጠየቅ አንቺ ላይ ወደቀ። እሱ አየር እየተቀበለ አንቺ ወቀሳ መቀበል የለብሽም። ይህን ሳትጮሂ፣ ግን ሳታለዝቢ ንገሪው።

ጨርሶ መጥፋትም ግዴታ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተወሰኑ ተማሪዎች ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን በቀን 10፣ 10 ደቂቃ ብቻ እንዲጠቀሙ አደረጉ። ከ3 ሳምንት በኋላ ብቸኝነታቸው ቀነሰ፤ መጀመሪያውኑ ድባቴ በርትቶባቸው የነበሩትም ቀለል አላቸው። እነዚህ ተማሪዎች ስልካቸውን አልጣሉም። ባለቤትሽም የቤተሰቡን ግሩፕ ብቻ መልሶ ይግባበት፤ ማታ ከራት በኋላ አይቶ ይዝጋው። «እንደ ፈረንጅ» ለሚሉት ዘመዶች ግን መልስ መስጠት የአንቺ ሥራ አይደለም። ለራሱ ይደውሉለት።

ቅዳሜ አብረሽው ውጪ። ፈቃድ እንደምትጠይቂ ሳይሆን «እኔም እመጣለሁ» ብለሽ። ዳገቱን ስትጀምሩ ስለ ቤት ጉዳይ ምንም አታንሺ። ብዙ ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ከሚያወሩት ይልቅ ጎን ለጎን እየሄዱ የሚያወሩት ይበልጣል። ውሻው ቆሞ ሲያሸት እናንተም ትቆማላችሁ፤ ወሬ የሚጀምረው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ቡችላውን አንቺ ያዢው። ስልክሽን ቤት ተዪው፤ «ስነካካ እጠብቀዋለሁ» ያልሽውን አንብቤዋለሁና። 11 ሰዓት ላይ መውጣቱን ግን እኔም አልወደድኩለትም፤ በዚያ ሰዓት እንጦጦ ላይ ጅቡ ገና አልተኛም። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ፀሐይ ትውጣ።

አንድ ነገር ተመልከቺ። ከሰው ሁሉ እየራቀ፣ እንቅልፍና ምግብ እየቀነሰ፣ ሥራውን እየተወ ከሆነ ጉዳዩ የውሻ ፍቅር ላይሆን ይችላል። ያኔ ባለሙያ ጋ አብራችሁ ሂዱ። ከጻፍሽልኝ ግን ይህን አላየሁም።

ልጅቷ ከመንገድ የመጣውን ቡችላ ከማቀፏ በፊት ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተቡን ጠይቂው። ቦቢም በየዓመቱ ይከተባል። ድንገት ከነከሳት ወይም ከቧጨራት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢው፤ ትንሽ ነው ሳትዪ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ውሰጃት።