ሰው በሞላበት ቤት የራስን ጥግ ማበጀት

ጥያቄ፦ ባለትዳርና የ2 ልጆች እናት ነኝ። ቤታችን 2 ክፍል ብቻ ያለው ሲሆን፣ የባለቤቴ እናትም የሚኖሩት ከእኛው ጋር ነው። ከሥራ ከተመለስኩበት ሰዓት ጀምሮ እስክተኛ ድረስ ብቻዬን የምሆነው መታጠቢያ ቤት ስገባ ነው፤ እዚያም በሩ ይንኳኳል። ቀኑን መለስ ብዬ የማስብባት፣ ጥቂት የምጽፍባትና ሰውነቴን የማፍታታባት የራሴ ቦታ እንድትኖረኝ እፈልጋለሁ። ባለፈው ወር መኝታ ክፍላችን ውስጥ አንዲት ወንበርና ትንሽ ጠረጴዛ አስቀምጬ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ወንበሯ የልብስ መከመሪያ፣ ጠረጴዛዋም የቻርጀርና የደረሰኝ ማኖሪያ ሆኑ። ትርፍ ክፍል የሌለው ሰው ይህን መመኘቱ ቅብጠት ይሆን?

መልስ፦ ቅብጠት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ሲጠራና አቤት ሲል የዋለ ሰው ሩብ ሰዓት ለራሱ ቢቀመጥ ከማንም ላይ የሚወስደው ነገር የለም። የክፍል ጥበቱም እምብዛም አያሳስብዎት፤ ትርፍ ክፍል ያላቸው ሰዎች ክፍሉን የጓዝ ማጎሪያ ሲያደርጉት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የእርስዎ ወንበር የገጠማትም ይኸው ነው። ወንበሯን አስቀመጡ እንጂ የሚቀመጡባትን ሰዓት አልቆረጡም፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ሥራ ያልተሰጠው ዕቃ ውሎ ሳያድር ሌላ ሥራ ይሰጠዋል።

ስለዚህ ከቦታው በፊት ሰዓቱን ይቁረጡ። «ሲመቸኝ» የሚባለው ሰዓት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ስለማይመጣ፣ ሁልጊዜ ከሚያከናውኑት ሌላ ነገር ጋር ያያይዙት፤ ለምሳሌ ልጆቹን አስተኝተው መብራታቸውን እንዳጠፉ፣ ሌላ ነገር ሳይነኩ በቀጥታ ወደ ጥግዎ ይሂዱ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን አካሂደው በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት፣ 96 ሰዎች አንድን አዲስ ድርጊት በየቀኑ በተመሳሳይ አጋጣሚ ሲደጋግሙ ተከታትሎ፣ ድርጊቱ ብዙ ሳይታሰብበት የሚከናወን ልማድ እስኪሆን ድረስ ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚወስድ፣ መካከለኛው ቁጥርም 66 ቀን ያህል እንደሆነ ገምቷል። እርስዎ የሞከሩት አንድ ሳምንት ነው። በዚሁ ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰው ስለታየ፣ ልጅ ታሞ ወይም እንግዳ መጥቶ ያመለጠዎትን ቀን እንደ ውድቀት አይቁጠሩት።

ቀጥሎ የሚመጣው ከቤተሰቡ ጋር መስማማት ሲሆን፣ በእኔ ግምት የጉዳዩ ዋና ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ በር የሌላት ጥግ በሯ የቤቱ ሰው ፈቃድ ነውና። ለባለቤትዎ ሰዓቱን መንገር ይበቃል። አማትዎን ግን አስቀድመው ለብቻቸው ያነጋግሯቸው። ሰው በሞላበት ቤት አንዱ ዝም ብሎ ጥግ ይዞ ሲቀመጥ ከማኩረፍ አይለይም፤ ምክንያቱ ያልተነገራቸው እናት «ምን አስቀይሜያት ይሆን?» ሲሉ ቢያድሩ አይፈረድባቸውም። ልጆቹ ነቅተው ሳለ የሚቀመጡ ከሆነ ደግሞ የሚታይ ምልክት ያስፈልጋቸዋል። ሕፃን «ቆይ» የሚለውን ቃል ባያምንም ዓይኑ የሚያየውን ያምናል፤ ስለዚህ አሸዋው ከላይ ወደ ታች የሚፈስ የሰዓት መለኪያ ወይም የሚጮኽ ሰዓት ከፊታቸው ያኑሩና «ይህ እስኪያልቅ» ይበሏቸው። ሲያልቅ ግን በእርግጥ ይነሱ፤ አንድ ቀን ቃልዎን ካጠፉ በማግስቱ አሸዋው ሳያልቅ ጉልበትዎ ላይ ያገኟቸዋል።

ስለ አቀማመጡ የምለው ከራሴ ስሕተት የተማርኩት ነው። የመጀመሪያዋ ጥጌ ፊቷ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ስለነበር፣ ዓይኔ ያልታጠበ ሳህን ላይ ባረፈ ቁጥር ቀኑን ማሰቡን ትቼ እጅጌዬን እሰበስብ ነበር። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞርኩት፤ ከዚያ በኋላ ነው መቀመጥ የቻልኩት። የእርስዎም ወንበር ጀርባዋ ለአልጋውና ለቁም ሣጥኑ፣ ፊቷ ለመስኮት ወይም ለባዶ ግድግዳ ይሁን። ብሩህ መብራት፣ በተለይ ሰማያዊነት የሚያመዝንበት፣ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀንን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ስለሚያዘገይ፣ የሚቀመጡት ማታ ከሆነ የጣሪያውን አምፖል አጥፍተው ከዓይንዎ ዝቅ ያለ ትንሽ መብራት ይጠቀሙ፤ ማሸጊያው ላይ 2700 ኬልቪን የሚል፣ ማለትም ብርሃኑ ወደ ቢጫ የሚያደላ አምፖል ለዚህ ይስማማል። ስልኩ ሌላኛው ክፍል ይቅር። ሲነሱ ደግሞ ደብተርዎን ወንበሯ ላይ ትተው ይነሱ፤ ልብስ ሊጥል የመጣ እጅ መጀመሪያ ደብተሩን ማንሳት ስለሚኖርበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡን ይለውጣል።

ጥያቄ፦ ከጓደኛዬ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖር ወጣት ነኝ። እሱ በማይኖርበት ሰዓት ምንጣፌን ዘርግቼ በጽሞና ልቀመጥ እሞክራለሁ፤ ነገር ግን ዝም ባልኩ ቁጥር የሥራውም፣ የቤተሰቡም፣ ያለፈው ጠብም ተሰብስቦ ይመጣብኛል። ከመቀመጤ በፊት ከነበርኩት የባሰ ተጨንቄ እነሳለሁ። ቦታው ይሆን የማይስማማኝ?

መልስ፦ ቦታው ምንም አልበደለዎትም፤ የሚዘረጋና የሚጠቀለል ምንጣፍ ክፍል ለሚጋራ ሰው ከወንበር ይሻላል። ልብ ማለት ያለብዎ ቋንቋችን ራሱ በለያቸው ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ማሰላሰል ሌላ፣ ማብሰልሰል ሌላ ነው። የሚያሰላስል ሰው ነገሩን አንስቶ አገላብጦ አይቶት ያስቀምጠዋል፤ የሚያብሰለስል ግን «ለምን እንዲህ አለኝ?» ብሎ ይጀምርና ዞሮ ዞሮ እዚያው «ለምን» ላይ ይመለሳል። ባዶ ዝምታ ለሁለተኛው ይመቻል። ስለዚህ ሲቀመጡ ለእጅዎ ወይም ለትንፋሽዎ ሥራ ይስጡት።

ለትንፋሽ፣ 4 እየቆጠሩ አስገብተው 6 እየቆጠሩ ያስወጡ፤ ይህ በደቂቃ ወደ 6 ትንፋሽ ይመጣል። አየር ስናስወጣ የልብ ምት ዝግ ስለሚል፣ ማስወጣቱን ማርዘም ሰውነትን ያረጋጋል። ለእጅ ደግሞ ጽሑፍን እመርጣለሁ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር ከሳንድራ ቢል ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች በተከታታይ 4 ቀናት በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው እንዲጽፉ ተደርጎ ነበር። የሆነውን ነገርና የተሰማቸውን ስሜት አጣምረው የጻፉት ተማሪዎች በቀጣዮቹ 6 ወራት ወደ ጤና ማዕከል የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነው። በኋላ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ሲደመሩ ጥቅሙ መጠነኛ እንደሆነ ስላሳዩ፣ ተአምር አይጠብቁ። ጽፈው እንደጨረሱ ወዲያው ልብ ከበድ ቢል የተለመደ ነው፤ ክብደቱ ከቀን ወደ ቀን እየጨመረ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከነሳዎ ግን ምንጣፉን አጥፈው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። እስከዚያው 15 ደቂቃው ሲሞላ ዓረፍተ ነገሩ ባያልቅም እንኳ ብዕሩን ያስቀምጡ፤ ነገ የሚጀምሩበት ይሆንልዎታል።

ጥያቄ፦ ለጽሞና የሚሆን አንድ ጥግ ላዘጋጅ አስቤ የምገዛቸውን ዕቃዎች ዝርዝር ጽፌያለሁ፦ ሻማ፣ ተክል፣ ልዩ ትራስ፣ የግድግዳ ሥዕል። ከየትኛው ልጀምር?

መልስ፦ ከየትኛውም አይጀምሩ። ቤት ውስጥ ባለ ወንበር ወይም ትራስ 1 ወር ይቀመጡና የጎደለዎትን ያን ጊዜ ይወቁት፤ ምናልባት የሚያስፈልግዎ የእግር ማሳረፊያ ብቻ ሆኖ ያገኙታል። ተክሉ ብርሃን ወደሚያገኝበት መስኮት ይጠጋ። ሻማውን ከመጋረጃና ከወረቀት አርቀው፣ በማይገለበጥ ማስቀመጫ ላይ ያብሩት፤ ዓይን ጨፍኖ ለሚቀመጥ ሰው ግን ባይበራ ይሻላል፣ ተረጋግተው ሳለ እንቅልፍ ሊያሸልብዎት ይችላልና።