የኦፍ ሮድ ሪሞት መኪና ሻንሲ፦ ከምን ቢሠራ ይሻላል? ጥያቄና መልስ

በአፈር፣ በጠጠርና በዝላይ ላይ ስለሚነዱ ሪሞት መኪኖች ሻንሲ (ሌላው ክፍል ሁሉ የሚታሰርበት መሠረት) ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ሻንሲ ፕላስቲክ ነው። ያየው ሁሉ ወደ አሉሚኒየም ቀይረው ይለኛል። ልቀይረው?

አትቸኩል ወንድሜ። ደህና መኪና ላይ ፕላስቲክ የምንለው ብዙውን ጊዜ ናይለን ነው፤ አንዳንዴም የመስታወት ክር የተቀላቀለበት። ሲመታ ይለመጥና ወደ ቦታው ይመለሳል። አሉሚኒየም ግን ከአቅሙ በላይ ከተመታ እንደተጣመመ ይቀራል።

እኔ ቁስ ከመምረጤ በፊት የምጠይቀው “መኪናው ሲጋጭ የቱ ይሰበርልኝ?” ብዬ ነው። የግጭቱ ኃይል የሆነ ቦታ ማረፉ አይቀርም። ብራቾውን (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ክንድ) የብረት አደረግከው እንበል፤ ምቱ ወደ ብራቾው ማሰሪያ ያልፋል። እሱንም የብረት ስታደርገው ሻንሲው ጋ ይደርሳል። ሻንሲ ለመቀየር ደግሞ መኪናውን እስከ መጨረሻው ብሎን መፍታት አለብህ። ብራቾ ቢሰበር ሁለት ፒን አውጥተህ ትቀይራለህ። ስለዚህ ብራቾው ፕላስቲክ እንደሆነ ይቆይ፤ ሻንሲውንም እስኪሰነጠቅ ንዳው።

ጥያቄ፦ 6061 እና 7075 የሚባሉት የአሉሚኒየም ዓይነቶች ልዩነታቸው ምንድን ነው? ሻጮች 7075 አይለመጥም ይላሉ።

ይለመጣል። የሁለቱ ግትርነት ተቀራራቢ ነው፤ በእኩል ውፍረት እኩል ጭነት ብትጭንባቸው የሚለመጡት እኩል ለማለት ይቻላል። ልዩነቱ የሚመጣው ጭነቱ ሲነሳ ነው። በሙቀት የጠነከረው 6061 ጫናው ወደ 275 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ሲደርስ ለዘለቄታው መጣመም ይጀምራል፤ 7075 ግን ወደ 500 አካባቢ ድረስ ይታገሣል። ከከፍተኛ ዝላይ ለሚወርድ ከባድ ባጊ (የኦፍ ሮድ ውድድር መኪና) 7075 የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ግትርነት የምትፈልግ ከሆነ ውፍረት ጨምር። የአንድ ሰሌዳ ግትርነት የሚያድገው በውፍረቱ ኩብ ነው፤ ከ2.5 ወደ 3 ሚሊሜትር ብትሄድ ክብደቱ 20 በመቶ ሲጨምር ግትርነቱ 70 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ግን ግትር ሁሉ ጥሩ አይደለም። ልልና አንሸራታች አፈር ላይ ትንሽ የሚለመጥ ሻንሲ ጎማውን መሬት ያስይዘዋል፤ ጎማ በደንብ የሚይዝ ሜዳ ላይ ግን ግትሩ መሪህን በትክክል ይታዘዛል።

ጥያቄ፦ ካርቦን ፋይበር ለኦፍ ሮድ ያዋጣል? ክብደቱስ በእውነት ያን ያህል ይቀንሳል?

እናስላው። 35 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 10 ሴንቲሜትር ስፋትና 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ፣ ምንም ሳይቦረቦር፣ በአሉሚኒየም 245 ግራም ገደማ ይመዝናል። ጂ10 በሚባለው የፋይበር ግላስ ሰሌዳ 160 አካባቢ፣ በካርቦን ደግሞ 135 አካባቢ ነው። ስለዚህ ቅነሳው ቀላል አይደለም።

ችግሩ ጠጠር ነው። ካርቦን ጠርዙ ላይ ሲመታ ንብርብሩ ይላቀቃል፤ አንዴ መላቀቅ ከጀመረ ደግሞ ውሃና አፈር እየገባ ያሰፋዋል። ምንጣፍ ወይም የተጠቀጠቀ አፈር ላይ ለሚወዳደር ያዋጣል። ድንጋያማ ቦታ ለሚነዳ ግን ጂ10 እመርጣለሁ፦ ከካርቦን ይልቅ ይለመጣል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ስሙ ስለማያምር ነው መሰለኝ ማንም አያነሳውም።

ጥያቄ፦ የካርቦን ሰሌዳ ራሴ ልቆርጥ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

እህቴ፣ አቧራውን ተጠንቀቂ። ለሳንባም ለቆዳም ጠንቅ ነው። ጥሩ ማስክ አድርጊ፤ የብርጭቆ ወረቀቱንም ውሃ እያስነካሽ ፈግፍጊ። ስትጨርሺ ጠርዙን ዙሪያውን በቀጭን ሱፐር ግሉ ለቅልቂው፤ ንብርብሩን ያትመዋል። ሌላው፣ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የባትሪ ሽቦ ሽፋኑ ተፍቆ ጠርዙን ቢነካ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። የሪሲቨሩንም (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን ዕቃ) አንቴና ከሰሌዳው ላይ አንስተሽ በቱቦ አቁሚው፤ ካርቦን ሞገዱን ይጋርደዋል።

ጥያቄ፦ በ3ዲ ፕሪንተር ባትመውስ?

ለሙከራ ጥሩ ነው፤ የቀዳዳዎቹን ቦታ ለማረጋገጥ። ፒኤልኤ የሚባለው የተለመደ የማተሚያ ፕላስቲክ ግን 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ ሞተር አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ቅርጹን ያጣል። ለመንዳት ከሆነ ናይለን አትም። ንብርብሮቹ በሻንሲው ርዝመት እንዲተኙ አድርግ፤ ቁመቱን ይዘህ ካተምከው በመጀመሪያው ዝላይ መሃል ለመሃል ይከፈላል።

ጥያቄ፦ አዲስ የናይለን ክፍል ገና ሳልነዳው ተሰነጠቀ። የማይረባ ዕቃ ነው?

ላይሆን ይችላል። ናይለን በጣም ሲደርቅ ይሰባበራል፤ ውሃ ሲመጥ ደግሞ ትንሽ ይለሰልስና በቀላሉ አይሰበርም። ብዙዎቻችን አዲስ ብራቾ ከመግጠማችን በፊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን እናቆየዋለን። በብርድም ይብስበታል፤ ጠዋት በረዶ ባለበት ስትነዳ ዝላዩን ቀነስ አድርግ።

ጥያቄ፦ ለድንጋይ መውጫ መኪናስ?

እዚያ ሒሳቡ ይገለበጣል። ፍጥነት ስለሌለ ክብደት ጠላት አይደለም፤ ቁምነገሩ የት እንደተቀመጠ ነው። ስለዚህ የብረት ላሜራ ሻንሲ ምንም አይልም። የነሐስ ክብደት ሲጨመር ወደ ጎማና ወደ አክሰል ይሂድ እንጂ ከላይ አይቀመጥ። ከሆዱ ሥር የሚያዳልጥ ፕላስቲክ ይሁን፤ አሉሚኒየም ድንጋዩን ይነክስና መኪናውን ያቆመዋል።

ጥያቄ፦ የአሉሚኒየም ሻንሲ ውድድር ላይ የመጣው መቼ ነው?

በሰፊው ያስተዋወቀው በ1984 (እ.ኤ.አ.) የወጣው አርሲ10 የተባለው የአሶሲዬትድ ኩባንያ መኪና ነው፤ ሻንሲው እንደ ገንዳ የታጠፈ ወርቃማ አሉሚኒየም ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የታሚያ ግራስሆፐር ግን የኤቢኤስ ፕላስቲክ ገንዳ ነበረው። ሁለቱም እስከ ዛሬ ወዳጅ አላቸው።

ጥያቄ፦ ሻንሲዬ መጣመሙን እንዴት አውቃለሁ?

ሁሉን ፍታና ባዶውን ሰሌዳ ወፍራም መስታወት ላይ አስተኛው። ማዕዘኖቹን በጣትህ በየተራ ተጫን፤ ካንኳኳ ተጣሟል። 7075 ከሆነ በመዶሻ ለማቃናት አትድከም፤ ቢቃናም የታጠፈበት ቦታ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ብሎን እንዳይፈታ የሚደረገውን ሙጫ ፕላስቲክ ላይ ልጠቀም?

አይሆንም። ብረት ከብረት ለሚገናኝበት ነው፤ ሰማያዊውን ዓይነት። ኤቢኤስና ፖሊካርቦኔትን ያሰነጥቃል። ፕላስቲክ ላይ ሰፊ ፊሌቶ ያለው ብሎን በእጅ ካቻቢቴ ቀስ ብለህ አስገባ፤ ሲጠብቅልህ አቁም።