በቀን ለሚከራይ ቤት እንግዳ ተቀባይ መሆን

ጥያቄ፦ እኅቴ የምትኖረው ዋሽንግተን ነው። ሲኤምሲ አካባቢ ያላትን አፓርታማ ከነሙሉ ዕቃው ለእንግዶች በቀን እንዳከራይላት አደራ ሰጥታኛለች። ለጥምቀት የመጡ ባልና ሚስት በገቡ ማግስት ቡና ላፈላላቸው ብዬ ረከቦትና ድፎ ዳቦ ይዤ፣ በያዝኩት ቁልፍ ከፍቼ ብገባ ቅር ተሰኙ፤ ሲሄዱም «ሰላም አልሰጠችንም» ብለው ጻፉ። ቀጥለው የመጡትን ላለመረበሽ ደግሞ ቁልፉን ለጥበቃው ትቼ ገለል ብል «የምንጠይቀው ሰው አጣን» አሉ። ለመሆኑ የእኔ ድርሻ እስከ ምን ድረስ ነው? እኅቴ ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ ካሜራ ይገጠም ትላለች።
ጠያቂ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ድፎ ዳቦ ይዘው መሄድዎ የደግነት ሥራ ነው፤ በዚህ ሊያፍሩ አይገባም። ሆኖም «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጃፍ ለሚቆም መንገደኛ የምናደርገውና ከፍሎ ለሚገባ ሰው የምናደርገው መስተንግዶ አንድ አይደለም። መንገደኛው ያደረበት ቤት የባለቤቱ ነው፤ የከፈለው እንግዳ ግን እስከሚወጣበት ቀን ድረስ ቤቱ የእሱ ስለሆነ፣ ባለቤትም ሆነ ወኪል ሳይደውልና ፈቃድ ሳያገኝ ሊገባበት አይገባም። በእጅዎ ያለውን ቁልፍ ለእሳት፣ ለውኃ መፍሰስና ለመሳሰለው አደጋ ብቻ ያቆዩት። ቡና ማፍላት ሲፈልጉ «መቼ ይመቻችኋል?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ፤ ያው ቡና ያን ጊዜ የሚያስደስት ይሆናል።

በእኛ አመለካከት ዋናው የእንግዳ ተቀባይ ሥራ የሚሠራው እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ነው፤ እርሱም ስለ ቤቱ እውነቱን መናገር ነው። ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ ለእርስዎ አዲስ ነገር አይደለም፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ውጭ አገር ለቆየ ሰው ግን፣ ሳሙና ተቀብቶ ሳለ ቧንቧው ሲደርቅ የሚሰማው መታለል ነው። ስለዚህ ውኃው በየትኞቹ ቀናት እንደሚመጣ፣ ሮቶው ለስንት ቀን እንደሚበቃ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ብቻ ወይስ መኖሪያ ቤቶቹንም እንደሚያበራ፣ ሌሊት የቅዳሴ ወይም የአዛን ድምፅ የሚሰማ እንደሆነ ሳይሸሽጉ ይጻፉላቸው። ይህን አንብቦ የሚቀር እንግዳ ቢኖር፣ መጥቶ ከሚያዝን ቢቀር ለሁለታችሁም ይሻላል። የመብራት ቆጣሪው በካርድ የሚሞላ ከሆነ ከመግባታቸው በፊት በቂ ሒሳብ ይሙሉበት፤ ሌሊት ባዶ የሚሆን ካርድ የእንግዳው ጥፋት አይደለምና። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ የአሜሪካው ደግሞ 120 ስለሆነ፣ ከዚያ የመጣ የፀጉር ማድረቂያ ሊቃጠል እንደሚችልም ይንገሯቸው።

ሰዓትም ብዙ አለመግባባት ያመጣል። «8 ሰዓት እደርሳለሁ» የሚል እንግዳ ከቀትር በኋላ ይሁን ጠዋት፣ ማለትም በእኛ 2 ሰዓት፣ አስቀድሞ መለየት አለበት። ከዋሽንግተን በቀጥታ የሚበር መንገደኛ ቦሌ የሚደርሰው ጠዋት ነው፤ ያን ዕለት የሚወጣ ሌላ እንግዳ ካለ ቤቱ እስኪጸዳ ሻንጣውን የት እንደሚያኖርና የት እንደሚያርፍ ሊያስቡለት ይገባል።

ሁለተኞቹ እንግዶች ያጡት እርስዎ እዚያ መቀመጥዎን አይደለም፤ ሲደውሉ የሚያነሣ ሰው ነው። በገቡ ዕለት ራስዎ ተቀብለው ቦይለሩ እንዴት እንደሚበራና የጋዝ ሲሊንደሩ እንዴት እንደሚዘጋ ያሳዩ፣ ጥበቃውን በስሙ ያስተዋውቁ፣ ከዚያ ይሂዱ። ማታ አንድ ጊዜ «ሁሉ ተሟላ?» የሚል መልእክት ይበቃል። ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲኖርብዎ በእርስዎ ምትክ የሚደርስላቸውን ሰው ስልክ አስቀድመው ይስጧቸው። ከኪራዩ የሚገኘው ገቢ ግብር የሚከፈልበት ስለሆነም፣ ደረሰኝና መዝገብ ይያዙ።

ስለ ካሜራው የምንመልሰው አይሆንም ብለን ነው። ኤርቢኤንቢን የመሰለ፣ አከራይና እንግዳን በኢንተርኔት የሚያገናኝ ትልቅ ድርጅት እንኳ በዓለም ዙሪያ በሚያስተዋውቃቸው ቤቶች ውስጥ ካሜራ እንዳይኖር ከ2024 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክሏል፤ ከቤት ውጭ ያለውም ቢሆን ለእንግዳው አስቀድሞ መገለጽ አለበት። የእኅትዎ ስጋት ዕቃ እንዳይጠፋ ከሆነ፣ እንግዳው ሲገባ አብራችሁ ቆጥራችሁ የምትፈራረሙበት የዕቃ ዝርዝርና መጠነኛ ማስያዣ ይበቃሉ፤ ማስያዣውንም በሚወጡበት ዕለት፣ እዚያው በር ላይ ይመልሱላቸው።