«ካፕሱሉ ከአሳማ ነው» ሲሉኝ ተውኩት

ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት መምህርት ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጨጓራ ነው» እየተባልኩ ኦሜፕራዞል ስውጥ ከረምኩ። በኋላ ሲቲ ስካን ተነስቼ ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት መሆኑ ታወቀ። መጠጥ ቀምሼ አላውቅም፤ ዘመዶቼ ግን «ተደብቃ ትጠጣለች» ይላሉ። 11 ኪሎ ቀንሻለሁ። ሰገራዬ ቅባት አለው፣ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ሐኪሙ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ካፕሱል አዞልኝ ነበር። ከአሳማ ነው የሚሠራው ሲሉኝ ተውኩት። አሁን ዘይት እርም ብዬ ድንች ቀቅዬ እበላለሁ። ሁዳዴንም እየጾምኩ ነው። ምን ላድርግ?

መምህርቷ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ሐሜቱ እንዴት እንደሚያም ይገባኛል። መጠጥና ሲጋራ ዋነኛ መንስኤዎች ናቸው፤ ብቸኞቹ ግን አይደሉም። በዘር የሚመጣ አለ። ምክንያቱ ጭራሽ ሳይታወቅ የሚቀርም አለ።

ወደ ካፕሱሉ ልምጣ። ቆሽት ቅባት የሚፈጭ ፈሳሽ ያመነጫል። ጠባሳ ሲበዛበት ፈሳሹ ያንሳል። ያኔ የበላሽው ቅባት ሳይፈጭ ይወጣል፤ ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም አብረውት ይሄዳሉ። ካፕሱሉ የጎደለውን ይተካል። አዎ፣ በብዛት የሚሸጠው ከአሳማ ቆሽት የሚዘጋጅ ነው። ለእኔ ይህ መድኃኒት እንጂ ምግብ አይደለም። አንቺ ግን ልብሽ እንዲያርፍ ለንስሐ አባትሽ ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ስለ ጾሙም በዚያው ጠይቂያቸው። እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድሽን ቆይተሽ አንዴ ጠግቦ መብላት ለዚህ ሕመም ከባድ ነው። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት ይሻልሻል።

አወሳሰዱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በልተሽ ከጨረስሽ በኋላ ከዋጥሽው ምግቡ ቀድሞት ያልፋል። ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ጀምሪ፤ ማዕድ ላይ ከቆየሽ ቀሪውን መሐል ላይ ውሰጂ። በቀዝቃዛ ውኃ ዋጪው፣ አታኝኪው። የተለመደው መነሻ ለዋና ምግብ ከ40,000 እስከ 50,000 ዩኒት (ካፕሱሉ ውስጥ ያለው ቅባት ፈጪ የሚለካበት ነው)፣ ለመክሰስ ግማሹ ነው፤ ያንቺን ሐኪምሽ ይወስናል። ጥቁር ቡና ካፕሱል አይፈልግም። ወተት ያለበት ማኪያቶ ግን ይፈልጋል።

ድንቹ ብቻውን አያዋጣሽም። ካፕሱሉን በትክክል ከወሰድሽ ዘይት እርም ማለት አያስፈልግሽም። እየከሳሽ ቅባት መተው ይብስ ይጎዳሻል።

ካፕሱሉን እንዳቆምሽ ለሐኪምሽ ዛሬ ነገ ሳትይ ንገሪው። የቫይታሚን ዲ ምርመራም ጠይቂ። ቆሽት ሲጎዳ ስኳር ሊከተል ስለሚችል እሱን በየዓመቱ ታይው። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ሕመሙ ከትኩሳትና ከትውከት ጋር ከመጣ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ።