ለኮንዶሚኒየም ግድግዳ የትኛው የባትሪ ትራፓኖ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ኮንዶሚኒየም ቤት ልገባ ነው። የመጋረጃ ዘንግ፣ ቴሌቪዥንና የኪችን ካቢኔት መስቀል አለብኝ። ከዚያ በኋላ ለጎረቤት እየሰራሁ ትንሽ ገቢ ላገኝበት አስቤያለሁ። መርካቶ ላይ 88 ቮልት የተጻፈበት፣ በደቂቃ 30,000 ጊዜ ይመታል የተባለ የባትሪ ትራፓኖ አየሁ። አክስቴ ደግሞ ከአሜሪካ ስትመጣ ባለ 18 ቮልት ላምጣልህ ትላለች። የቱ ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ የአክስትህ ይሻላል። ግን ከመግዛቷ በፊት ስለ ማሽኑ ዓይነትና ስለ ቻርጀሩ የምትነግራት ነገር አለ።

መጀመሪያ ግድግዳህን እንይ። ክፍሎቹን የሚለየው ብሎኬት ነው። ውስጡ ክፍት ነው፤ ብዙ ጊዜም ፑሚስ ከሚባለው ቀላል ድንጋይ ስለሚሠራ ለስላሳ ነው። ያንን ማንኛውም ትራፓኖ ይበሳዋል። ኮለኑ፣ ቢሙና ሶሌታው ግን አርማታ ነው፤ የአዲስ አበባ አርማታ ደግሞ ጠጠሩ ጥቁር ድንጋይ ነው። የመጋረጃ ዘንግ የሚሰቀለው ከመስኮት በላይ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚያው አርማታ ላይ ነው። ሰው «መጋረጃ ብቻ እኮ ነው» ብሎ ጀምሮ ፑንታ (መብሻውን ብረት) የሚያቃጥለው እዚህ ቦታ ነው።

አሁን ወደ 30,000ው ቁጥር ልምጣ። ቁጥሩ ውሸት ላይሆን ይችላል። ተራ ሃመር ያለው ትራፓኖ ውስጥ ጥርስ ያላቸው ሁለት ብረቶች አሉ። ሲዞሩ አንዱ በሌላው ጥርስ ላይ እየዘለለ ፑንታውን ያንቀጠቅጠዋል። 20 ጥርስ ያለው ብረት በደቂቃ 1,500 ጊዜ ሲዞር 30,000 ምት ይሆናል። እያንዳንዱ ምት ግን በጣም ትንሽ ነው። ዋናውን ኃይል የምትሰጠው አንተ ነህ፣ በክንድህ እየገፋህ። ብሎኬት ላይ ይህ በቂ ነው። አርማታ ላይ ጠጠር ሲያጋጥመው ይጮሃል፣ ይግላል፣ ወደፊት ግን አይሄድም።

ኤስዲኤስ ፕላስ የሚባለው ማሽን አሠራሩ ሌላ ነው። ውስጡ ፒስተን አለ። ፒስተኑ አየር ያምቃል፣ የታመቀው አየር መዶሻውን ይወረውረዋል፣ መዶሻው የፑንታውን ጭራ ይመታል። በደቂቃ የሚመታው ከ4,000 እስከ 5,000 ጊዜ ገደማ ነው። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው ደካማ ይመስለዋል። ነገሩ ግን በማንኪያ መቶ ጊዜ በመምታትና በመዶሻ አንዴ በመምታት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ስለዚህ ኤስዲኤስ ስትገዛ የምትጠይቀው የምቱን ብዛት ሳይሆን ጁሉን፣ ማለትም የእያንዳንዱን ምት ጉልበት ነው። ትንንሾቹ የባትሪ ማሽኖች ከ1 እስከ 2 ጁል ገደማ አላቸው። ይህ ለ6፣ ለ8 እና ለ10 ሚሊ ቀዳዳ ይበቃል፤ የቤት ሥራ ደግሞ ከዚህ ብዙም አያልፍም። እጅህን አይፈትንም፣ ትንሽ ደገፍ ማለት ነው እንጂ መግፋት አያስፈልገውም።

88 ቮልት የሚለውን ግን እርሳው። አንድ የሊቲየም ሴል 3.6 ቮልት ነው። አምስቱ ሲደመሩ 18 ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ሲሞሉ ከፍ ስለሚሉ አንዳንዱ አምራች 20፣ ሌላው 21 ብሎ ይጽፋል። ሁሉም ያው አምስት ሴል ናቸው። እውነት 88 ቮልት ቢሆን ወደ 24 ሴል ያስፈልገው ነበር፤ ሴሎቹ ብቻ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። ባትሪውን ነቅለህ በእጅህ አንሳው። ቀለል ካለህ ነገሩ ገባህ ማለት ነው። ቮልት ላይ እንዲህ የሚጽፍ አምራች ስለ ሌላው ነገርም አይታመንም።

እንግዲህ አክስትህን ባለ 18 ቮልት ኤስዲኤስ ፕላስ እንድታመጣ ንገራት። ሁለተኛው የምትነግራት ነገር ቻርጀሩ ነው። 18 ቮልት ማሽን እዚህም እዚያም አንድ ነው። የአሜሪካ ቻርጀር ግን ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። የእኛ ሶኬት 220 ነው። ሰካኸው ማለት አቃጠልከው ማለት ነው። አዳፕተር የሶኬቱን ቅርጽ ይቀይራል እንጂ ቮልቱን አይቀንስም። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ «ኢንፑት» የሚለውን ታንብብልህ። ከ100 እስከ 240 ካለ ችግር የለም። 120 ብቻ ካለ ማሽኑንና ባትሪውን ታምጣ፣ ቻርጀሩን የዚያኑ ብራንድ ባለ 220 እዚህ ግዛ። ከዱባይ የሚመጣ ሰው ካለህም እዚያ ያለው ለእኛ ይሆናል፤ ሶኬቱን ብቻ ነው የምታስተካክለው። በዚህ ምክንያት ቻርጀሩና መለዋወጫ ባትሪው እዚህ የሚገኝ ብራንድ ምረጥ። ማኪታ፣ ቦሽ ሰማያዊው ወይም ዲዎልት ይሁን። ዲዎልት አሜሪካ ላይ 20 ቮልት፣ አውሮፓ ላይ 18 ብሎ ቢጽፍም ባትሪው አንድ ነው።

አውሮፕላን ላይ ማሽኑ ወደ ሻንጣ ይገባል፣ ትርፍ ባትሪ ግን በእጅ ነው የሚያዘው። ገደቡ 100 ዋት ሰዓት ነው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዛው። 18 በ5 ሲባዛ 90 ነው፣ ያልፋል። 18 በ6 ግን 108 ስለሆነ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ለአንተ ባለ 4 ወይም ባለ 5 ሁለት ባትሪ ይበቃሃል። መብራት ሲጠፋም አንዱ ተሞልቶ ይጠብቅሃል።

ኤስዲኤስ አንድ ጉድለት አለው። እንጨት ለመብሳትና ቪቴ ለማሰር አይመችም። ካቢኔት ለመገጣጠም ያንኑ ባትሪ የሚጎርስ ትንሽ ትራፓኖ፣ ያለ ባትሪና ያለ ቻርጀር ማሽኑን ብቻ፣ በኋላ ትጨምራለህ። ለጎረቤት የመሥራት ሐሳብ ባይኖርህ ኖሮ ተራውን ሃመር ግዛና አርማታውን የሚበሳልህ ባለሙያ ጥራ እልህ ነበር።

ሥራው ላይ ስትደርስ ብሎኬት ከሆነ ምቱን አጥፋና በማዞር ብቻ ብሳ። ከመታኸው የብሎኬቱ የውስጥ ልጣጭ ይፈረፈራል፣ ፊሸሩም (ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ) ሲጠብቅ አብሮ ይዞራል። ለካቢኔት ተራውን አጭር ፊሸር አትመን። ረዘም ያለውንና ሲጠብቅ ውስጥ ተቋጥሮ የሚያብጠውን ተጠቀም። ሴራሚክ ላይም እንዲሁ ነው፤ ፑንታው ሴራሚኩን አልፎ እስኪወጣ ድረስ ምት የለም።

አርማታ ላይ ፑንታው በድንገት ከቆመ ፌሮ፣ አርማታው ውስጥ ያለውን ብረት፣ ነክተሃል። አትታገለው። ፌሮው ቤቱን የተሸከመ ነው፣ ፑንታህም ይበላሻል። ሁለት ሦስት ሴንቲ ፈቀቅ ብለህ እንደገና ጀምር። የጎን እጀታውን ሁልጊዜ ግጠም፤ ፑንታ ሲነከስ ማሽኑ ራሱ ዞሮ የእጅ አንጓ ይጠመዝዛል። ዓይንህንና አፍንጫህን ሸፍን። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ በላይም ሆነ በታች አትብሳ፣ ሽቦው ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በዚያ መስመር ነው። ከተጠራጠርክ ብሬከሩን አውርደህ ሥራ፤ ማሽንህ የባትሪ ስለሆነ መብራት አያስፈልገውም።