የአቅራቢውን ገንዘብ ስለማቆየት፦ ለወጣት የሂሳብ ባለሙያዎች

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ ላይ ከአካውንቲንግ ተማሪዎች ጋር በተገናኘንበት ጊዜ አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ለአቅራቢዎች የምንከፍልበትን ጊዜ ከ30 ቀን ወደ 90 ቀን ብናራዝመው በእጃችን ያለው ጥሬ ገንዘብ ይጨምራል፤ ታዲያ ምን ክፋት አለው?» ሲል ጠየቀኝ። በስሌቱ አልተሳሳተም። እኔን ግን ትዝ ያሉኝ ከብዙ ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ የፍሬን ሸራ ይመቱ የነበሩ አንድ ባለሙያ ናቸው።

በዚያን ጊዜ ስሙን በማልጠቅሰው የትራንስፖርት ድርጅት የሂሳብ ክፍል ጀማሪ ነበርሁ። አውቶቡሶቻችን ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርዱትን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ፍሬን እንደያዙ ስለሚጨርሱት ሸራው ቶሎ ያልቅ ነበር። እኒያ ሰው ያለቀውን ከብረቱ ላይ አንስተው አዲሱን በሪቬት ይመታሉ፤ የላላ ባሌስትራም ያድሳሉ። የእያንዳንዱን ሪቬት ራስ በአውራ ጣታቸው ዳስሰው ከሸራው ከፍ ያለ ካገኙ፣ «ይህ ብረቱን ይፍቀዋል» ብለው ነቅለው እንደገና ይመቱታል። ሸራውን ከአዲስ አበባ የሚያመጡት በራሳቸው ዱቤ ነው፤ ድርጅቱ ግን ሂሳባቸውን «በሚቀጥለው ወር» እያለ ያቆየዋል። ደረሰኞቻቸውን ዝናብ እንዳይነካቸው በፌስታል ጠቅልለው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው ይመጣሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው ይባላሉ፤ «እንግዲህ ይሁና» ብለው ይመለሳሉ።

በዓመቱ መዝጊያ በባንክ ያለን ገንዘብ ጨመረ ተብሎ ሥራ አስኪያጁ ተመሰገኑ። ገንዘቡ የማን እንደሆነ በተከፋይ ሂሳብ መዝገብ፣ ማለትም ለአቅራቢዎች ያልከፈልነው ዕዳ በሚጻፍበት መዝገብ ላይ በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ ያንን ገጽ የሚገልጠው ግን አልነበረም። ክረምቱ ሲገባ ሰውየው መሣሪያቸውን ሸጠው የአዲስ አበባውን ዕዳ ከፈሉና ሱቃቸውን ዘጉ። አውቶቡሶቹም ሸራ ከሩቅ እስኪመጣላቸው ግቢ ውስጥ ቆሙ። ገንዘቡ ኋላ ተከፍሏቸዋል፤ ሱቁ ግን አልተከፈተም፤ አጠገባቸው ይማር የነበረው ልጃቸውም ሌላ ኑሮ ፍለጋ ሄደ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ ሙያ ተተኪ ሳያገኝ መቅረቱ ነው።

ይህ የድሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ትልቅ የመኪና አምራች ኩባንያ መኪናውን ለሻጮች ሲያስረክብ ገንዘቡን ቶሎ ያገኛል፤ ለመለዋወጫ አቅራቢዎቹ የሚከፍለው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ገበያው ሲደራ በመካከል የሚቀመጠው የሰው ገንዘብ የራሱ ሀብት ይመስለዋል፤ ገበያው ሲወድቅ ገቢው በአንድ ጊዜ ይቀንሳል፣ ቀደም ሲል በብዛት የገዛው ዕቃ ክፍያ ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 31 ቢሊዮን ዶላር ከስሮ በጁን 2009 ከአበዳሪዎቹ የሚከላከለውን የኪሳራ ጥበቃ እንዲሰጠው ለፍርድ ቤት ሲያመለክት፣ ካዳከሙት ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ከራሱ ተለይቶ በ1999 የቆመው ትልቁ አቅራቢው ዴልፋይም በ2005 ቀድሞት ወድቋል። በ2008 መጨረሻ የፎርድ ዋና ሥራ አስኪያጅ አለን ሙላሊ በአሜሪካ ምክር ቤት ቀርበው ለተፎካካሪዎቻቸው የመንግሥት ብድር እንዲሰጥ የደገፉት በርኅራኄ አልነበረም። ያው አንድ አቅራቢ ለሁሉም ስለሚሠራ፣ ጄኔራል ሞተርስ አቅራቢውን ይዞት ከወደቀ የፎርድም ፋብሪካ ይቆማል።

የዛሬ ልጆች ኤክሴል ላይ ሠንጠረዥ በቀለም ማስዋብ ታውቁበታላችሁ፤ ግምጃ ቤት ወርዶ ዕቃው ከማን እጅ እንደመጣ መጠየቅ ግን ይከብዳችኋል። በእርግጥ የእኛም ሥራ አስኪያጅ ኤክሴል አልነበራቸውም።

በዋጋ አትከራከሩ ማለቴ አይደለም፤ እኔ ራሴ በግዥ ኮሚቴ ስቀመጥ ለማንም የማላዝን ነበርሁ። ቶዮታም አቅራቢዎቹ ዋጋ እንዲቀንሱለት በየጊዜው ይጠይቃል፤ ልዩነቱ መሐንዲሶቹን ልኮ ወጪው የት ላይ እንደሚቀንስ አብሯቸው መፈለጉ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1997 የፍሬን ቫልቭ ያቀርብለት የነበረው የአይሲን ፋብሪካ ሲቃጠል፣ በእጁ ያለው ክምችት ለሰዓታት ብቻ የሚበቃ ስለነበር ማምረቻዎቹ ቆሙ። ሌሎቹ አቅራቢዎች፣ የልብስ ስፌት መኪና የሚሠራው ብራዘር ሳይቀር፣ በዋጋ ሳይደራደሩ ንድፉን ተቀብለው ቫልቩን መሥራት ጀመሩ፤ በሳምንት ገደማም ማምረቻዎቹ ተነሡ። ሂሳቡን የተነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነበር።